ቲማቲሞቼን የገደልኳቸው እኔው ነኝ

በ2014 ዓ.ም. መስከረም ላይ ባለቤቴ የሚሠራበት ድርጅት ሠራተኛ ቀነሰ። እሱም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ሁለት ልጆች፣ የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ፣ አንድ ደሞዝ። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደብተር ዘርግተን ምን እንደምንሰርዝ እንጨቃጨቅ ነበር። አትክልት ጋ ስንደርስ «እሱን ለእኔ ተወው፤ በረንዳ ላይ አበቅለዋለሁ» አልኩ። ባለቤቴ ሳቀ። ተቀየምኩት። ለካ ልክ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ለዚህ ነገር ያወጣሁት ብር፣ ዓመቱን ሙሉ ከጉልት ብገዛ ከማወጣው ይበልጣል። ምርቱ? ለሁለት ምሳ የበቃ ሰላጣና ሰባት ቲማቲም። ከሰባቱ አራቱ ቂጣቸው የጠቆረ። ዛሬ ግን ቤታችን ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣና ቃሪያ ከገዛን ቆየን። መሃል ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፤ እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ።

ስጀምር ሙቀቱ ሌላ ነበር። ከዘር መሸጫ ስምንት ዓይነት ዘር ገዛሁ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሐብሐብ። አዎ፣ ሐብሐብ። አራተኛ ፎቅ ላይ። አበባ የሚተከልባቸው የሚያማምሩ ስድስት ሸክላዎችም ገዛሁ። አፈሩን ግን በነፃ አገኘን ብለን ተደሰትን። ከሰፈራችን ሕንፃ ለማቆም መሠረት እየተቆፈረ ስለነበር ዘበኛውን አስፈቅደን ሦስት ማዳበሪያ ሞላን። (ጆንያውን ማለቴ ነው። ሌላኛው ማዳበሪያ ይመጣል፣ ቆዩ።) ባለቤቴ አራት ፎቅ ተሸክሞ አወጣው። ወገቡን ለሳምንት አመመው።

ያ አፈር አፈር አልነበረም። ከመሠረት የሚወጣ አፈር ከሁለትና ሦስት ሜትር በታች የነበረ ነው። ቅጠል በስብሶበት አያውቅም፣ ሕይወት የለውም። የእኛው ደግሞ ሲሚንቶ ተቀላቅሎበታል። ውሃ ሳጠጣው ላዩ ላይ ይተኛል፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በዚያ ላይ ሸክላዎቹ ከሥራቸው ቀዳዳ የላቸውም። ለመብቀል የታደሉት ጥቂት ችግኞች ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢጫ መሆን ጀመሩ። እኔ ደግሞ ቢጫ ሲሆኑ የጠማቸው መሰለኝ። ጨመርኩላቸው። ይበልጥ ቢጫ ሆኑ። አሁንም ጨመርኩ። አንዷን ነቅዬ ሳያት ሥሯ ቡናማ ሆኖ እንደ በሰበሰ ገመድ እጄ ላይ ቀረ። ሽታውን አልረሳውም፤ የተዘጋ የእቃ ማጠቢያ ይሸታል።

በቀሩት ላይ ዩሪያ አደረግኩ፤ ሌላኛው ማዳበሪያ ያልኳችሁ ይሄ ነው። «ጠቆር ይልልሻል» ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ አባቷ ጤፍ ያመርታሉ። ልክ ናት፣ ጤፍ ማሳ ላይ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እኔ ለአንድ ሸክላ በእፍኝ በተንኩት። በሦስተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆነ። በሳምንቱ አንድም አልቀረ። ለጀማሪ ምክሬ አጭር ነው። መትከያ ውስጥ ዩሪያ አታስገቡ። የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት (በስብሶ አፈር የመሰለ ልጣጭና ቅጠል) ይበቃል። ትኩስ የዶሮ ኩስም ያው ነው፣ ያቃጥላል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ተከምሮ ካልበሰለ አትንኩት።

ሁለተኛውን ዙር በብልሃት እጀምራለሁ አልኩ። ሸክላዎቹን ትቼ የቀለም ባልዲና 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሰበሰብኩ። ጀሪካኑን አፉን ቆርጬ፣ ሥሩን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ በሳሁት። የቀለም ባልዲ የምትጠቀሙ ከሆነ የውሃ ቀለም የነበረበትን ምረጡ፤ እሱንም ልጣጩ እስኪወጣ እጠቡት። የኬሚካል ወይም የሞተር ዘይት የነበረበትን ጀሪካን በጭራሽ። ቀዳዳው ሠራ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ሠራ።

ጥር ላይ፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ከታች ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ! ነይ እስቲ ወደዚህ!»

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ናቸው። ወረድኩ። ገመዳቸው ላይ የተሰጣ ነጭ ነጠላ አለ። መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ጥለቱ የወረደ ቡናማ መስመር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የ... የቆስጣ ውሃ ነው እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ነገ ታቦት እሸኝበታለሁ ብዬ ነበር ያጠብኩት። በቆስጣ ውሃ ልሸኝ?»

ነጠላውን ወስጄ በእጄ አጠብኩት። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ባልዲ ሥር አሮጌ ትሪ ወይም ክዳን አለ። ትሪው ውስጥ የቆመውን ውሃ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ እደፋዋለሁ፤ አለዚያ ሥሩ እንደገና ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ትንኝም ይፈለፈላል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት ታች ያለውን ሰው አነጋግሩ። ክብደቱንም አስቡት። እርጥብ አፈር የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። በረንዳው ጫፍ ላይ አትደርድሩት፤ ወደ ግድግዳው አስጠጉት። ከብረቱ ውጪ ማንጠልጠልማ አይታሰብም። ታች ሰው ያልፋል።

የሁሉም ነገር መለወጫ የሆነችኝ አንዲት ጠመኔ ናት። የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ቤት ዋልኩ። የትልቁን ልጄን ጠመኔ ወስጄ፣ ፀሐይ በረንዳው ወለል ላይ የምታርፍበትን ቦታ በየሰዓቱ አሰመርኩ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሬ። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ጨርሳ ሄደች። መስመሮቹን ሳያቸው አፈርኩ። ቲማቲሞቼን ያስቀመጥኩበት የግራ ጥግ በቀን የሚያገኘው ሁለት ሰዓት አይሞላም። አምስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኘው የቀኝ ጥግ ላይ የቆመው ደግሞ የልብስ ማስጫው ነው። አምስት ወር ሙሉ ልብሴን ፀሐይ እያበላሁ ቲማቲሜን ጥላ አስቀምጫለሁ።

ይህን ያለ ምንም ወጪ ዛሬ ማድረግ ትችላላችሁ። ቲማቲምና ቃሪያ ቢያንስ አምስት ስድስት ሰዓት ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን በሦስት አራት ሰዓትም ይገፋሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። መስመሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን። በረንዳችሁ ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ በበጋ ቀጥታ ፀሐይ አትጠብቁ። ሰላጣና ቆስጣውም ቢሆን እየዘገመ ነው የሚያድገው። ከጥላው ጋር አትታገሉ።

አፈሩንም እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ደህና መሆኑ የሚፈተነው በእጅ ነው። እርጥቡን ጭብጥ አድርጉት፤ ኳስ ከሠራ በኋላ በጣት ነካ ስታደርጉት ፈርሶ ከተበተነ ደህና ነው። ካልፈረሰ ጭቃ ነው፣ ፍግ ጨምሩበት። ጭራሽ ካልተጨበጠ አሸዋው በዝቷል። አፈር ከወንዝ ዳርና ከጋራዥ አጠገብ አታምጡ። ከከተማችን ከአዲስ አበባ ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውሃ እንደሚለማ እናውቃለን። ያንን ሽሽት ቤታችን ተክለን ያንኑ ቆሻሻ በጆንያ ማስገባት ምን ይባላል?

ፍግ ለመግዛት ብር ሲያጥረኝ ኮምፖስት ጀመርኩ። ክዳን ያለው ባልዲ፣ ጎኑና ሥሩ የተበሳ። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ። በመጀመሪያ አተላውን ብቻ አበዛሁት። ቀን በቀን ስለሚፈላ እሱ ሞልቷላ! ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ ያለው እንደ ቂጣ ያለ ነገር ሆነና ሸተተ። መድኃኒቱ ደረቅ ነገር ነው። አንድ እፍኝ ልጣጭ በገባ ቁጥር አንድ ሁለት እፍኝ የተቀደደ ካርቶን ወይም ደረቅ ቅጠል አስገቡ። ወጥ፣ ሥጋና ዘይት ግን አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። በሳምንት አንዴ አገላብጡት። የእኔ አራት ወር ፈጀ። ሲደርስ ልጣጭ መልጣጩ አይታወቅም፣ ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል።

ፀሐዩ ተስተካከለ፣ አፈሩ ተስተካከለ። የካቲት ላይ በቀኝ ጥግ የተከልኳቸው ሦስት ቲማቲሞች አደጉ፣ አበቡ፣ ፍሬ ያዙ። ግንቦት ላይ መቅላት ሲጀምሩ እንደ ልጅ እየጠራሁ አሳይ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ገልበጥ ሳደርገው ቂጡ ላይ የሳንቲም ያህል ክብ ጥቁር ጠባሳ አለው። ወደ ውስጥ የገባ፣ ደረቅ ቆዳ የመሰለ። ሌላውንም ገለበጥኩ። እሱም። ደነገጥኩ። በሽታ ነው ብዬ መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ። የምንበላው ነገር ላይ፣ ልጆች የሚጫወቱበት በረንዳ ላይ። አሁን ሳስበው ያመኛል።

ያዳነኝ የወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ ነው። የመጣው ለእኔ አልነበረም፤ ለጎረቤት ዶሮ ነበር። ለምኜ አስገባሁት። ቅጠሉን ያያል ብዬ ስጠብቅ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰካው።

«ውሃ መቼ መቼ ነው የምታጠጪው?»

«በሚመጣበት ቀን። ማክሰኞና ዓርብ።»

«በቃ። ይሄ በሽታ አይደለም። አጠጣጥሽ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ተክሉ ካልሲየምን ወደ ፍሬው የሚያደርሰው በውሃ ነው። ውሃው ሲቋረጥ ካልሲየሙም ይቋረጣል፤ መጀመሪያ የሚጎዳው ከግንዱ የሚርቀው የፍሬው ጫፍ ነው። የእኔ ቲማቲሞች ማክሰኞ ይሰምጣሉ፣ ሐሙስ ይጠማሉ፣ ዓርብ እንደገና ይሰምጣሉ። እኔ ደግሞ ውሃ በመጣ ቁጥር «ለነገ አይኖርም» ብዬ ሁለት እጥፍ አጠጣ ነበር። ከጅምሩ ጀምሮ ስህተቴ ሁሉ አንድ መልክ እንዳለው ያን ቀን ገባኝ። ቸል ብዬ አንዱንም አልገደልኩትም። በማብዛት ነው የገደልኳቸው። ውሃ አበዛሁ፣ ዩሪያ አበዛሁ፣ ዘር አበዛሁ፣ መድኃኒት ረጨሁ።

አሁን ውሃ በመጣ ቀን ሁለት ጀሪካን ለአትክልቱ ብቻ እሞላለሁ። በየቀኑ ጠዋት ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ እሰካለሁ። እርጥብ ከሆነ አላጠጣም። ደረቅ ከሆነ ለአንድ ቲማቲም ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር፣ ቀስ ብዬ። ላዩን ደግሞ በደረቅ ነገር እሸፍነዋለሁ፤ ትነቱን ይቀንሳል። ለዚህ የበዓል ቄጤማን የሚያህል አላገኘሁም። ድሮ በበዓል ማግስት ጠርጌ እጥለው ነበር። አሁን በረንዳ ላይ አድርቄ ባልዲዎቹ ላይ እጎዘጉዘዋለሁ። የአትክልት፣ የሩዝና የምስር ማጠቢያ ውሃም ይሄዳል። በረኪና የገባበትን ግን ጠብታም እንዳታስጠጉ። በዚያ አራት የቆስጣ ባልዲ በአንድ ሌሊት ሸኝቻለሁ።

በ2015 ዓ.ም. የብሎካችን ኮሚቴ ከጀርባ ያለችውን ክፍት ቦታ ለሚፈልግ ሰው እንድናለማት ፈቀደ። ለእኔ የደረሰኝ ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ስፋት ጥሩ ነው፤ ከግራም ከቀኝም እጅ ይደርሳል፣ አፈሩ አይረገጥም። የሰፈራችን አፈር ዋልካ ነው፣ ጥቁር ሸክላማ አፈር። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ኩሬ ነው። መደቡን ዙሪያውን በድንጋይ አጥሬ፣ ፍግና ኮምፖስት እየቀላቀልኩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግኩት። ይህንን ባላደርግ የመጀመሪያው ክረምት ሁሉንም ያሰምጠው ነበር።

ያም ሆኖ ክረምቱ ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቲማቲም መደቡ ላይ ተከልኩ። ሐምሌን አማረበት። ነሐሴ ላይ ቅጠሎቹ ላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ታየ። በአሥር ቀን ውስጥ ግንዱም ፍሬውም ቡናማ ሆኖ ተልፈሰፈሰ። ድንች የሚተክሉ ሰዎች ይህን በሽታ በደንብ ያውቁታል፤ ቲማቲምና ድንች ዘመዳሞች ናቸው፣ ብርድና እርጥበት ሲገጥም ሁለቱንም ይጨርሳል። ለአዲስ አበባ ከፍታና ብርድ፣ ክዳን በሌለው ቦታ የክረምት ቲማቲም ልፋት ነው። እኔ አሁን መስከረም ላይ በእርጎ ኩባያ ዘር እዘራለሁ። ዝናቡ ሲያቆም፣ ጥቅምት ላይ፣ መደቡ ላይ አዛውራለሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እድገቱን ያዘገየዋል፤ አትደንግጡ። ጥርና የካቲት ላይ ይክሳችኋል። ክረምቱን ለጎመንና ለቆስጣ ተዉት። ቀንድ አውጣውን ማታ በስልክ መብራት እየለቀሙ ነው፣ ሌላ ዘዴ አላገኘሁለትም።

ስለ ዘርም ልንገራችሁ። ፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» የሚል ካለ፣ ማለትም ዘሩ የተዳቀለ ከሆነ፣ ከፍሬው ዘር አታስቀሩ፤ ልጁ እናቱን አይመስልም። እኔ አስቀርቼ ከአንድ ፓኬት ሦስት ዓይነት ቲማቲም አፈራሁ፣ አንዱም አይጣፍጥም። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው መልካ ሾላ የሚባለው የቲማቲም ዓይነት ግን ዘሩን እያስቀራችሁ ብትዘሩት ያው ራሱ ይበቅላል።

ጎመን ላይ ክሽክሽ (የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) መምጣቱ አይቀርም። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጡ፤ እዚያ ነው የሚሰፍረው። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ ፀሐይ ስትገባ ጀርባውን እርጩት፣ በማግስቱ በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። በሦስት በአራት ቀን ድገሙት። በእኔ ቤት የቅጠል ገልባጭነት ሥራ የትንሹ ልጄ ነው። ያገኘ ቀን ሰፈር ሙሉ ይሰማል።

አሁን የሚጀምር ሰው ከምን ይጀምር? ከቆስጣ። ሁለት ባልዲ ቆስጣ ብቻ፣ ለሁለት ወር። የውጪውን ቅጠል እየቆረጣችሁ የመሃሉን አራት አምስት ቅጠል ከተዋችሁት ለወራት ይሰጣል፤ ስህተትም ይችላል። እሱ እጃችሁ ላይ ሳይሞት ከቆየ ቃሪያ ጨምሩ። ቲማቲም የመጨረሻው ነው። ካሮትን ተዉት። አንድ ባልዲ ሦስት ወር ይዛችሁ የምታገኙት የአንድ ቀን ወጥ ነው። ሽንኩርትና ድንች እኛም እስካሁን እንገዛለን፣ ቲማቲሙንም ከመጋቢት በኋላ።

ባለቤቴ በ2015 መጨረሻ ሥራ አገኘ። በረንዳው ግን አልፈረሰም። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ እስከ ዛሬ ነጠላቸውን ከማስጣታቸው በፊት አንገታቸውን አውጥተው ወደ ላይ ይጣራሉ። «አጠጥተሻል ወይስ ላስጣ?» ቆስጣ ስወስድላቸው ደግሞ ሁለቴ እንዳጥበው ያደርጉኛል፣ ፊታቸው።

ዘንድሮ መስከረም የዘራሁባቸው ኩባያዎች መስኮት ላይ ተደርድረዋል። አሥራ ሁለት ናቸው፣ ሁሉም ቲማቲም። ባለፈው እሑድ ስቆጥራቸው አሥራ ሦስት ሆኑ። አሥራ ሦስተኛው ላይ ወፍራም፣ ሰፋፊ ሁለት ቅጠል ያላት ችግኝ ቆማለች። ትንሹ ልጄ መሳቢያ ውስጥ የቀረውን ሐብሐብ ዘር አግኝቶታል።